የቀድሞው ባለቤት ያልነቀለው ታፔላ

ጥያቄ፦ ሀዋሳ ውስጥ የባህል ልብስ መሸጫ አለኝ። በኢተሪየም የስም አገልግሎት (ENS)፣ ማለትም ለድረ ገጽና ለገንዘብ መቀበያ አድራሻ የሚነበብ ስም በሚሰጠውና በብሎክቼይን (ብዙ ኮምፒውተሮች በጋራ በሚይዙት መዝገብ) ላይ በሚሠራው ሥርዓት፣ ቀድሞ የሌላ ሰው የነበረና ጊዜው ያለፈበት ስም በቅርቡ አስመዘገብሁ። ከፊቱ «ሱቅ» ጨምሬ በብሮውዘር ስከፍተው ግን የማላውቀው ሰው የሶፋ ማስታወቂያ መጣ። ስሙ የእኔ ከሆነ ይህ ከየት መጣ? እንዴትስ ይጠፋል?

መልስ፦ ስሙ የእርስዎ ነው፤ ያዩት ግን የቀድሞው ባለቤት ሲለቅ ሳይነቅለው የሄደ ታፔላ ነው። በዚህ ሥርዓት ዋናው ስምና እንደ «ሱቅ» ከፊቱ የሚጨመረው ንዑስ ስም በመዝገቡ ላይ የየራሳቸው መስመር አላቸው፤ መስመሩም ባለቤቱንና ስሙ ወዴት እንደሚያመራ ለጠያቂ መልስ የሚሰጠውን ኮንትራት (በብሎክቼይኑ ላይ የሚሠራ ፕሮግራም)፣ ማለትም ሪዞልቨሩን፣ ይይዛል። ዋናው ስም የዓመት ክፍያ አለበት፤ ሳይከፈል ከቀረ ከ90 ቀን የእፎይታ ጊዜ በኋላ ለሌላ ሰው ክፍት ይሆናል። ተራ ንዑስ ስም ግን ክፍያም ሆነ የማብቂያ ቀን ስለሌለው፣ ወላጁ እጅ ሲለውጥ የሚያነሳው የለም። እ.ኤ.አ. በ2023 ሥራ ላይ የዋለው መጠቅለያ ኮንትራት (Name Wrapper፣ ስሞችን በተጨማሪ ደንብ የሚሸፍን) ለንዑስ ስም የማብቂያ ቀን መስጠት ቢያስችልም፣ ሳይጠቀለሉ የቀሩትን አይነካም።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው በማጽዳቱ ላይ ነው። የንዑስ ስሙን ባለቤትነት ወደ ራሱ ያዞርና ሥራው ያለቀ ይመስለዋል፤ ሪዞልቨሩ ሳይነካ ስለቀረ ግን ሶፋው አሁንም ይታያል። የገንዘብ መቀበያ አድራሻ ተመዝግቦበት ከሆነማ ጉዳቱ ከሶፋም ይብሳል። ስለዚህ ባለቤቱንና ሪዞልቨሩን በአንድ ጊዜ የሚለውጠውን ትእዛዝ ይጠቀሙ፤ ባለቤቱን ራስዎን አድርገው በሪዞልቨሩ ቦታ ዜሮ አድራሻ (አሃዞቹ ሁሉ ዜሮ የሆኑ፣ «ምንም የለም» የሚል) ያስገቡ። ከ«ሱቅ» በታች ሌላ ንዑስ ስም ካለ እሱም ለብቻው መጽዳት አለበት፤ የታችኛውን ለመለወጥ የላይኛው ባለቤት መሆን ስለሚያስፈልግ ከላይ ወደ ታች ይውረዱ።

ከባዱ ስንት እንዳሉ ማወቁ ነው። መዝገቡ ስሞችን በፊደል ሳይሆን በሃሽ (ከፊደሉ ተሰልቶ በሚወጣ፣ ወደ ፊደሉ በማይመለስ ኮድ) ስለሚያስቀምጥ «ከዚህ ስም በታች ያሉትን ዘርዝርልኝ» ቢሉት መልስ የለውም። ባለቤት በተሰየመ ቁጥር በብሎክቼይኑ ላይ የሚቀረውን የክስተት ማስታወሻ ከመጀመሪያው ጀምሮ ማንበብ ግድ ነው፤ እዚያም የሚያገኙት ሃሽ ብቻ ነው። ደግነቱ፣ ለማጽዳት ፊደሉን ማወቅ አያስፈልግም፤ ሃሹ ይበቃል።

እያንዳንዱ ለውጥ የጋዝ ክፍያ (ብሎክቼይኑ ለውጡን ለመመዝገብ የሚያስከፍለው) ስላለው፣ ሪዞልቨር የተሰጣቸውን ያስቀድሙ፤ ባዶዎቹንም ግን አይተዉዋቸው፤ የቀድሞ ባለቤታቸው በማንኛውም ጊዜ ሪዞልቨር ሊሰጣቸው ይችላል። እስኪጨርሱ ድረስም ስሙን በቢዝነስ ካርድዎ ላይ አያሳትሙት።