ስለ ሬዚደንሲ ጠይቁ፦ ከራምቦ ቤት እስከ ኦርላንዶ

የሐረርና የድሬ ጸሐፊዎች፣ ታዋቂ ደራሲ በኖረበት ቤት ተቀምጦ መጻፍ፣ ማለትም ሬዚደንሲ፣ እንዴት እንደሚገኝ ደጋግማችሁ ጠይቃችሁኛል። ዛሬ ማታ ጊዜ አለኝ፤ የመጣውን ሁሉ እመልሳለሁ።

ጋሼ፣ የራምቦ ቤት ጁገል፣ በግንብ በታጠረችው አሮጌዋ ሐረር፣ ውስጥ እያለልን ለምን ባሕር እንሻገራለን? እዚያው ለምን አንጽፍም?

አቦ፣ መጠየቁስ ጥሩ ጠየቅህ! ፈረንሳዊው ገጣሚ አርተር ራምቦ ሐረር የገባው በ1880 እ.ኤ.አ. መጨረሻ፣ ቡናና ቆዳ ለሚነግድ ድርጅት ተቀጥሮ ነው። በ1891 እግሩ ታሞ በቃሬዛ ተሸክመው አወጡት፤ ዓመቱ ሳያልቅ ማርሴይ ላይ ሞተ። በስሙ የሚጠራውን ቤት ግን አንድ ሕንዳዊ ነጋዴ ያሠራው ከዚያ በኋላ ነው። ደግሞም ሰውየው ግጥም የተወው ሐረርን ሳያያት ነው። እዚህ ሆኖ ፎቶ አንስቷል፣ ስለ ኦጋዴን ዘገባ ልኳል፣ ለእናቱ ስለ ገበያና ስለ ገንዘብ ጽፏል። የግጥም መንፈስ ፍለጋ ለሚመጣ ሁሉ ይህን ስነግረው ፊቱ ይጠቁራል።

ቤቱ ራሱ ውብ ነው፤ የእንጨቱ ቅርጽ፣ ባለቀለሙ መስኮት። ግን ሙዚየም ነው። ጎብኚ ደረጃውን ሲወጣ ሲወርድ አንድ ምዕራፍ አይጨረስም።

ታዲያ ሐረር ውስጥ የት ይሻላል?

ለእኔ ጌ ጋር፣ የሐረሪ ቤት። ለእንግዳ የሚያከራዩ አሉ። ነደባው፣ ማለትም ከፍ ብሎ የተሠራው የቤቱ መቀመጫ፣ ላይ ተደግፈህ ትጽፋለህ፤ ግቢው ከመንገዱ በግንብ ስለሚለይ ጸጥ ይላል። መኪና ግርግር ከሚባለው የልብስ ሰፊዎች መንገድ አጠገብ ብቻ አትከራይ፤ የልብስ ስፌቱ መኪና ቀኑን ሙሉ ነው የሚንጫጫው።

ውጭ ያሉትስ ምን ይሰጣሉ?

ይለያያል። ኦርላንዶ፣ ፍሎሪዳ ውስጥ አሜሪካዊው ደራሲ ጃክ ኬሩዋክ በ1957 እና 58 እ.ኤ.አ. ከእናቱ ጋር የኖረበት ቤት አለ፤ በዓመት አራት ጸሐፊዎች፣ እያንዳንዳቸው ለሦስት ወር ይቀመጡበታል። ኪራይ የለም፣ ለምግብ አበል አለ። ስኮትላንድ ውስጥ ደግሞ የገጣሚው ዊሊያም ድራሞንድ መኖሪያ የነበረው ሆቶርንደን አለ። እዚያ ቀን ቀን ዝምታ ነው፤ ምሳህ በቅርጫት በርህ ላይ ይቀመጥልሃል። ማንም አያንኳኳም! ከነዚህ ቤቶች የምወደው ይህንኑ ነው። የሟቹን አልጋ ማየት ለቱሪስት ነው፤ ለጸሐፊ የሚጠቅመው «ቡና ደርሷል፣ ና ውጣ» የሚል ሰው አለመኖሩ ነው።

በአማርኛ ብቻ ነው የምጽፈው፣ ጋሼ። ልተወው?

አትተዪው፣ ልጄ። ብዙዎቹ ናሙና የሚያነቡት በእንግሊዝኛ ስለሆነ አሥር ገጽ ያህል አስተርጉመሽ አስቀምጪ። አስተርጓሚ ስትመርጪ ቋንቋውን ከሚያውቀው ይልቅ ልብ ወለድ የሚያነበውን ምረጪ። ከረጅም ሥራ መግቢያ ይልቅም ብቻውን የሚቆም ክፍል ላኪ፤ መግቢያው ላይ ሰው ገና ይተዋወቃል እንጂ ምንም አይሆንም። ነደባን በግርጌ ማስታወሻ አታብራሪ፤ ገጸ ባሕሪሽ ትቀመጥበት፣ ይገባቸዋል።

የማመልከቻ ክፍያ ሲጠይቁኝ ማጭበርበሪያ ነው?

ሁልጊዜ አይደለም፤ እውነተኞቹም አነስተኛ ክፍያ የሚጠይቁበት ጊዜ አለ። «ተመርጠሃል፣ ቦታህን ለመያዝ ገንዘብ ላክ» ካሉህ ግን ዝጋው።

ቪዛውስ?

የግብዣ ደብዳቤ ቪዛ አይደለም። የቪዛ ማመልከቻ ክፍያም ብትከለከል አይመለስም። ደብዳቤው መኖሪያውን ማን እንደሚሸፍን፣ ከመቼ እስከ መቼ እንደምትቆይ በግልጽ ይጻፍበት። ሥራ ካለህ የፈቃድ ወረቀትህን አያይዝ።

ይቅርታ ጋሼ፣ ጫት ይዞ መግባት ይቻላል?

ይህን የሚጠይቅ አይጠፋም ብዬ ነበር! አይቻልም። ብሪታንያ በ2014 እ.ኤ.አ. ከልክላለች፣ አሜሪካም ክልክል ነው። ኤርፖርት ላይ ከምትያዝ የቆላኸውን የሐረር ቡና ያዝ፤ እሱን ማንም አይነጥቅህም። ጀበናውን ግን ሻንጣ ውስጥ አትክተት፣ ይሰበራል።