አሮጌ ዕቃ ለአዲስ ቤት፦ ጥያቄና መልስ ከጎንደር

የሠርግ ወቅት ሲቃረብ ቤት የሚያደራጅ ይበዛል። ጥያቄውም አብሮ ይበዛል። እዚህ ጎንደር አሮጌ የቤት ዕቃ መጠገን ሥራዬ ነው፤ ስለዚህ የላካችሁልኝን እንዳመጣጡ እመልሳለሁ። አንድ ነገር አስቀድሜ ልበል፦ በንግዱ ዓለም አንቲክ የሚባለው በተለምዶ 100 ዓመት የሞላው ዕቃ ነው። ከዚያ በታች ሆኖ የዘመኑን መልክ የያዘው ቪንቴጅ ይባላል። በዚህ ልክ ከሄድን በጣሊያን ጊዜ የተሠራ ቁም ሳጥን እንኳ ገና አልደረሰም።

ጥ፦ ማራኪ በሚባለው ሰፈር ባለ አንድ መኝታ ኮንዶሚኒየም ገባሁ። እናቴ ትልቁን ቡፌ ካልወሰድሽ ትለኛለች። ልውሰደው?

እሺ ከማለትሽ በፊት ሜትር ይዘሽ ደረጃውን ለኪ። ሰው ሳሎኑን ብቻ ለክቶ ይመጣል፤ ዕቃው የሚቀረው ግን ደረጃው መታጠፊያ ላይ ነው። ብዙ የድሮ ቡፌ ሁለት ቁራጭ ነው፤ የላዩ ከታችኛው ላይ ተቀምጦ በጥቂት ቪቴ የተያያዘ ነው። ከኋላው ዞረሽ እዪ። ከዚያ በቡፌው ልክ ካርቶን ወለል ላይ አንጥፊና አንድ ሁለት ቀን እየዞርሽው ኑሪ። መሳቢያ ስትስቢ የምትቆሚበትን ቦታም አብረሽ ቁጠሪ። ካልበቃ የታችኛውን ብቻ ወስደሽ የላዩን እናትሽ ጋ ተዪው። እሷም ደስ ይላታል፣ አንቺም መተላለፊያ ይተርፍሻል።

ጥ፦ ሁሉም ሰው «ማንነትህን የሚመስል ዕቃ ግዛ» ይላል። ማንነቴን የሚመስለውን በምን አውቃለሁ?

ከፎቶ አትጀምር። ፎቶ ላይ የማያምር ቤት የለም። ይልቅ ማታ ስትገባ የምታደርገውን ታዘብ። ጃኬትህን የት ትጥላለህ? ቁልፍህንስ? ቡና የሚፈላው የት ነው? እንግዳ ሲመጣ ማን የት ይቀመጣል?

ጃኬቱን ወንበር ላይ የሚጥል ሰው ውድ ቁም ሳጥን ቢገዛም መጣሉን አይተውም። በር አጠገብ የሚቆም የድሮ ልብስ መስቀያ ግን ይጠቅመዋል። ቤትህ ጎረቤት ለቡና የሚሰበሰብበት ከሆነ ከአንድ ከባድ ሶፋ ይልቅ ብድግ እያሉ የሚዞሩ ዱካና በርጩማዎች ይሻሉሃል። ብቻህን ማንበብ የምትወድ ከሆንክ ብርህን ክንድ ማሳረፊያ ባለው አንድ ጥሩ ወንበር ላይ አውለውና መስኮት ሥር አስቀምጠው። አቧራ መወልወል የሚሰለችህ ከሆነ ቅርጻ ቅርጽ የበዛበትን ተወው። ጭረት ባየ ቁጥር የሚበሳጭ ሰው ደግሞ አለ፤ አልፈርድበትም። እሱ ግን አሮጌ ዕቃ ባይገዛ ይሻለዋል።

ስለዚህ ዕቃው ከየት ዘመን እንደመጣ የሚጠየቀው ሁለተኛ ነው። መጀመሪያ አኗኗርህ ይታይ።

ጥ፦ አንድ ደላላ «የአፄ ፋሲል ዘመን ነው» ብሎ ወንበር አሳየኝ። የጠራው ዋጋ ሰማይ ነው። እውነት ይሆን?

የኛ ከተማ ደላላ ሁሉን ነገር የሚቆጥረው ከፋሲል ጀምሮ ነው። አፄ ፋሲል ጎንደርን የቆረቆሩት በ1628 ዓ.ም. አካባቢ ነው። ያን ያህል የቆየ ወንበር በደላላ እጅ ይዞራል ብዬ አላምንም። ግን አትከራከረው። ወንበሩን ገልብጠውና ሥሩን እይ።

ቪቴው ላይ መስቀል የመሰለ ቀዳዳ ካለ፣ ያ ዓይነቱ ቪቴ የተስፋፋው እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ከ1930ዎቹ ወዲህ ነው። ቪቴ በጥገና ጊዜ ሊቀየር ስለሚችል በሱ ብቻ አትፍረድ። ጀርባው ወይም መቀመጫው ኮምፔንሳቶ ከሆነ ዘመናዊ ነው። ቺፑድ ካየህ ደግሞ ወሬው እዚያው አለቀ። እንጨቱ ባሕር ዛፍ ከሆነም እንደዚያው፤ ባሕር ዛፍ አገራችን የገባው በአፄ ምኒልክ ዘመን ነው። በውስጥ በኩል እኩል እኩል የሆኑ የቅስት ጭረቶች ካሉ በሚሽከረከር የማሽን መጋዝ ተሰንጥቋል። በእጅ የተጠረበ እንጨት ላይ የምታየው የተዘበራረቀ የመጥረቢያና የመሮ ምልክት ነው፤ ጣትህን ስታሳልፍበት ወጣ ገባ ይልሃል።

በመጨረሻ የተላጠበትን ቦታ ተመልከት። በእውነት ያረጀ ወንበር የሚላጠው እጅ የሚይዘው ክንዱ፣ ተረከዝ የሚያርፍበት አግዳሚውና ወለል የሚነካው እግሩ ነው። ዙሪያውን እኩል ከተላጠ ሰው ሆነ ብሎ አስረጅቶታል። ማንም የማያየው ሥሩ ጭምር ጥቁር ቀለም ከተቀባም ጠርጥር። ይህን ሁሉ አይተህ ወንበሩ ጠንካራና የሚያምር ከሆነ ግዛው፤ የምትከፍለው ግን የወንበር ዋጋ ነው፣ የፋሲልን አይደለም።

ጥ፦ ጉልበቴን ያመኛል። የባለቤቴ አባት ትተውልን ያለፉት ወንበሮች ያምራሉ፣ ግን ከተቀመጥኩ መነሳት ይከብደኛል።

እትዬ፣ ከወለል እስከ መቀመጫው ድረስ ያስለኩት። ለአብዛኛው አዋቂ የሚመቸው 45 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። 38 ወይም 40 ከሆነ ጉልበትዎ የሚነግርዎት እውነት ነው። አናጢ ከእያንዳንዱ እግር ሥር ከተመሳሳይ እንጨት ቁራጭ ሊጨምር ይችላል። የእግሩን አሠራር ማበላሸት ካልፈለጉ ደግሞ ጠንከር ያለ ስፖንጅ ያለው ትራስ ያሠሩ። ለስላሳው አይሆንም፤ ሲቀመጡበት ይሰምጥና ከፍታው ይመለሳል። ከምግብ ጠረጴዛ ጋር የሚጠቀሙበት ከሆነ በመቀመጫውና በጠረጴዛው ፊት መካከል 30 ሴንቲ ሜትር ያህል ይቅር።

ጥ፦ ዋንዛ ነው ብለው የሸጡልኝ ሣጥን ሥር ነጭ ዱቄት አገኘሁ። ልጣለው?

አትጣለው፤ ግን ዛሬውኑ ከሌላው ዕቃ ለየው። ዱቄቱን ጥረግና ሣጥኑን ጥቁር ላስቲክ ላይ አስቀምጠው። ከሳምንት በኋላ አዲስ ዱቄት ካገኘህ ትሉ ውስጡ እየሠራ ነው። ካላገኘህ የድሮ ቀዳዳ ብቻ ሊሆን ይችላል። የአዲስ ቀዳዳ ጠርዝ ንጹሕና ነጣ ያለ ነው፤ የድሮው አቧራ ይዞ ጠቁሯል። ነጭ ጋዝ መቀባት የቆየ ልማድ ነው፤ ከሰል ለሚቀጣጠልበት ቤት ግን አልመክርም። ለእንጨት ተባይ የተሠራ መድኃኒት በመርፌ ወደ ቀዳዳዎቹ ማስገባት ይሻላል፤ ይህንንም ደጅ ላይ፣ አፍህን ሸፍነህ። እግሩ በጣት ሲጫኑት የሚገባ ከሆነ ግን ያ እግር መቀየር አለበት። በእርግጥ ዋንዛ መሆኑንም ለአናጢ አሳይ።

ጥ፦ የአያቴ ጠፍር አልጋ አለ። ሳሎን ላስገባው ብል ይስቁብኛል?

ይሳቁ። ከሁሉም ጥያቄ ይሄን ወደድኩት። ግድግዳ አስጠግተሽ፣ ላዩ ላይ ጋቢ አንጥፈሽ፣ ሁለት ትራስ ብትጥይበት ከብዙ ሶፋ ይበልጣል። ጠፍሩ ከላላ አርጥቦ መወጠር ነው፤ ሲደርቅ ራሱ ይጠብቃል። የተበጠሰ ካለ ሙሉውን አታስፈቺ፤ ያንኑ ብቻ አስቀይሪ። ፀሐይ በቀጥታ ከሚመታው ቦታ አርቂው፤ ቆዳው ይሰነጠቃል።

ጥ፦ አሮጌና አዲስ ዕቃ ማደባለቅ ይቻላል?

ይቻላል። የመቀመጫዎቹ ከፍታ ብቻ ተቀራራቢ ይሁን።

ጥ፦ የድሮ አትሮንስ ለመጽሐፍ ማስቀመጫ መግዛት አስቤ ነበር። ምን ትላለህ?

ከየት እንደመጣ ሻጩ በግልጽ ካልነገረህ እለፈው። አትሮንስ፣ መስቀል፣ የብራና ማኅደር ከቤተ ክርስቲያን ወጥቶ ገበያ ላይ ሲገኝ አወጣጡ ጥሩ ላይሆን ይችላል። የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992ም ቅርስን ያለ ፈቃድ ከአገር ማውጣት ይከለክላል፤ ውጭ ላለ ዘመድ ስጦታ ለመላክ ያሰባችሁ ልብ በሉ። ቅርጹን ከወደድከው ለአናጢ በጽድ አሠራ። ሽታው ራሱ ቤቱን ይለውጠዋል።

ጥ፦ የገዛሁት ጠረጴዛ ጠቁሯል። በብርጭቆ ወረቀት ፍቄ ቫርኒሽ ልቀባው?

ቆይ። መጀመሪያ ለብ ባለ ውኃና ትንሽ ሳሙና በነከርከው ጨርቅ ጥረገውና ወዲያው አድርቀው። ብዙ ጊዜ ጥቁረቱ የእጅ ቅባትና ጭስ ነው። ከዚያ በማይታይ ቦታ ላይ አንድ ጠብታ የጽዳት አልኮል አድርግ። ከተጣበቀና ከለሰለሰ ቅቡ ሽላክ (በአልኮል የሚሟሟ የድሮ የእንጨት ቅብ) ነው፤ ሽላክ ሳይፋቅ ሊታደስ ይችላል። ከነካኸው በኋላ የሚመለስ ስላልሆነ መፋቅን የመጨረሻ አድርገው። በዘይት ቀለም የተቀባ አሮጌ ዕቃ ከሆነ ደግሞ በደረቁ አትፈቀው። የድሮ ቀለም እርሳስ ሊኖረው ይችላል፤ ብናኙ በተለይ ለሕፃናት አደገኛ ነው።

ጥ፦ የኮመዲኖዬ መሳቢያ ክረምት ላይ አልከፈት ይላል። አናጢው እልጠዋለሁ አለኝ።

አሁን አታስልጪው። እንጨት እርጥበት ሲጠጣ በወርዱ ያብጣል። በነሐሴ ልክ ካስላጥሽው ጥር ላይ ይንጓለላል። መሳቢያውን አውጥተሽ የሚንሸራተትበትን ጠርዝ በጧፍ ሰም እሺውና እስከ ኅዳር ታገሺ። በበጋም ከያዘ ያኔ አናጢውን ጥሪ፤ ጥቂት ብቻ ይንካው።