«ረጅም ሰዓት» ስንት ሰዓት ነው?

ልጆች፣ እኔ በሶፍትዌር ደህንነት ማረጋገጫ ሥራ ላይ ነው ፀጉሬ የሸበተው። ብዙ ሰው ሥራችን ወረቀት መሙላት ይመስለዋል። አንዳንድ ቀን እውነቱን ነው። ግን አዲስ ልጅ አጠገቤ በተቀመጠ ቁጥር የዳህራንን ነገር አነሳለታለሁ።

እ.ኤ.አ. ፌብሩዋሪ 25 ቀን 1991፣ በባሕረ ሰላጤው ጦርነት፣ የኢራቅ ስከድ ሚሳኤል ሳዑዲ አረቢያ ዳህራን ውስጥ የአሜሪካ ወታደሮች ካደሩበት ሕንፃ ላይ ወደቀ። 28 ወታደሮች ሞቱ። ሊከላከልላቸው የቆመው ፓትሪዮት የሚባለው የአሜሪካ ፀረ-ሚሳኤል መሣሪያ አልተኮሰም።

ጥፋቱ የሰዓት ነበር። የፓትሪዮት ኮምፒውተር ጊዜን የሚቆጥረው በሰከንድ አንድ አሥረኛ ነው። አንድ አሥረኛ ደግሞ በዜሮና በአንድ ሲጻፍ ማለቂያ የለውም፤ 24 ቢት ላይ፣ ማለትም 24 የዜሮና የአንድ ቦታ ላይ፣ ተቆረጠ። የተቆረጠችው ነገር ከቁጥር የምትገባ አይደለችም። ሲስተሙ ግን ሳይጠፋ 100 ሰዓት ያህል ሠርቶ ስለነበር ተጠራቅማ ተጠራቅማ የሰከንድ ሲሶ ሆነች። ስከድ በሰከንድ ከአንድ ኪሎ ሜትር ተኩል በላይ ይበራል። ራዳሩ ሚሳኤሉን የፈለገው በሌለበት ቦታ ነው።

እኔን የሚያናድደኝ ስሌቱ አይደለም። ፓትሪዮት የተነደፈው ከቦታ ቦታ እየተንቀሳቀሰ፣ በአንዴ ለጥቂት ሰዓታት እንዲሠራ ነበር። ፓትሪዮትን ይጠቀሙ የነበሩት እስራኤላውያን በ8 ሰዓት ውስጥ መዛነፉን አይተው ከጥቃቱ ሁለት ሳምንት በፊት ተናግረዋል። ለተጠቃሚዎቹም «በጣም ረጅም ሰዓት» ማሠራት ችግር እንደሚያመጣ መልእክት ተላከ። ስንት ሰዓት? አልተጻፈም። አጥፍቶ ማብራት ብቻ ይበቃ ነበር እኮ! የታረመው ሶፍትዌር ዳህራን የገባው በማግሥቱ ነው።

እናንተ ዛሬ የምትሠሩት በሰርቪስ፣ ማለትም እያንዳንዳቸው አንድ ሥራ በሚሠሩ ትንንሽ ፕሮግራሞች፣ የተከፋፈለ ሲስተም ነው። አንዱ ሰርቪስ ቦታ ይነግራል፣ አንዱ ወዳጅና ጠላት ይለያል፣ አንዱ ዒላማ ይከታተላል። የፈለገው ቡድን ይጠራዋል። አንዱን ለመቀየር ሁሉን ማፍረስ ስለሌለ ደስ ይላል። ግን ለካርታ ማሳያ የሠራችሁትን የቦታ ሰርቪስ ነገ ሌላ ቡድን ለመድፍ ማነጣጠሪያ ይጠራዋል። ከኮዱ አንድ መስመር አልተነካም፤ አደጋው ግን ሌላ ሆኗል። የአሜሪካ ጦር የሚሠራበት የሲስተም ደህንነት መመሪያ፣ ሚል-ስታንዳርድ 882ም የሚነሳው ከአደጋው ነው፦ ምን ሊደርስ ይችላል፣ ምን ያህልስ ይከፋል?

ስለዚህ ሰርቪሳችሁን ስታስረክቡ ልኩን በቁጥር ጻፉ። ሳይጠፋ ስንት ሰዓት ይሠራል? የሚሰጠው መረጃ ስንት ሰከንድ ያለፈው ሊሆን ይችላል? መልስ ካልመጣ ጠሪው ምን ያድርግ?

እኔም ከደሙ ንጹሕ አይደለሁም። አንድ ጊዜ «መልሱ ቶሎ ይመጣል» ብዬ ጽፌ ፈርሜያለሁ። ከወራት በኋላ ከሌላ ቡድን አንድ አበሻ ልጅ ደወለልኝ። «ጋሼ፣ ቶሎ ማለት ስንት ነው?» አለኝ። ዝም አልኩ። ቁጭ ብለን ለካነው። አንዳንዴ ሁለት ሰከንድ ይፈጅ ነበር። እሱ የሚፈልገው ከግማሽ ሰከንድ በታች ነበር።