ያየሽው ነገር ፓራሚሲየም አይመስለኝም

እህታችን፣ የኩሬ ውሃ በማይክሮስኮፕ 100 ጊዜ አጉልተሽ ስታዪ፣ ከፊቱ የሚሽከረከር ጸጉር ያለው፣ አንዴ የሚዋኝ፣ አንዴ ደግሞ ቆሞ የሚለጠጥና የሚሰበሰብ ነገር እንዳገኘሽ ጽፈሻል። ብዙዎች "ፓራሚሲየም ነው" ብለው መልሰውልሻል፤ በውሃ ውስጥ የሚኖር ነጠላ ህዋስ ፍጥረት ማለታቸው ነው። እኔ ግን ሮቲፈር የሚባለው በጣም ትንሽ የውሃ እንስሳ ነው እላለሁ።

ፓራሚሲየም ጸጉሩ መላ አካሉን ነው የሚሸፍነው። ቅርጹም እምብዛም አይለወጥም። በራሱ ዙሪያ እየተጠማዘዘ ይዋኛል፤ የሆነ ነገር ሲገጨው ትንሽ ወደ ኋላ ይልና በሌላ አቅጣጫ ይሞክራል። አንቺ ያየሽው ግን ጸጉሩ ከፊት ብቻ ነው። እሱም ቢሆን እውነት እየዞረ አይደለም፤ ጸጉሮቹ ተራ በተራ ስለሚመቱ ነው ጎማ የሚዞር የሚመስለን። ብዙዎቹ ሮቲፈሮች ከኋላ እግር አላቸው፤ ጫፉ ላይ ባሉት ጣቶች ከስላይዱ (ጠብታው ከሚቀመጥበት መስታወት) ወይም ከቅጠል ጋር ይጣበቃሉ። ቆሞ ይለጠጣል ያልሽው ለዚህ ነው።

ቁርጡን የሚነግርሽ ግን መንጋጋው ነው። ከጭንቅላቱ ትንሽ ዝቅ ብለሽ እዪ። ያለማቋረጥ የሚከፈትና የሚዘጋ፣ የሚያኝክ መንጋጋ ካገኘሽ ክርክሩ አለቀ። ፓራሚሲየም ነጠላ ህዋስ ስለሆነ መንጋጋ የለውም። ሮቲፈር ግን 1,000 ገደማ ህዋሳት ያሉት እንስሳ ነው፤ አንጎልም ሆድም አለው።

በመጠን ብቻ ግን አትለዪአቸው። ሁለቱም 0.3 ሚሊሜትር ገደማ ሊሆኑ ይችላሉ። ስቴንተር የሚባለው ነጠላ ህዋስ እንዲያውም ከ1 ሚሊሜትር ያልፋል፣ በዓይን ይታያል። ቢሆንም መለካት ልመጂ። ዓይንሽን በምታስጠጊበት ሌንስ ላይ የእይታ ስፋቱን የሚገልጽ 18 የሚል ቁጥር ካለ ለኦብጀክቲቩ (ለስላይዱ ቅርብ ለሆነው ሌንስ) የማጉያ ቁጥር አካፍዪው፤ በ10 ኦብጀክቲቭ የምታዪው ክብ ስፋቱ 1.8 ሚሊሜትር ነው ማለት ነው፣ በ40 ደግሞ 0.45። ፍጥረቱ የክቡን ስድስተኛ ከያዘ በ10 ኦብጀክቲቭ 0.3 ሚሊሜትር ነው። አለቀ።

ሌላው ጀማሪን የሚሸውደው ብርሃን ነው። ሁሉም ሰው መብራቱን እስከ ጥግ ይከፍተዋል። እነዚህ ፍጥረታት ደግሞ ብርሃን ስለሚያሳልፉ ድራሻቸው ይጠፋል። ከስላይዱ በታች ያለውን የብርሃን መቆጣጠሪያ ጠበብ አድርጊው፤ ጸጉሩም መንጋጋውም ያኔ ይወጣል። ፈጥኖ ካስቸገረሽ ጥቂት የጥጥ ክሮች ጠብታው ውስጥ ጨምሪ፣ መሄጃ ያጣል። ወይም በሶፍት ጫፍ ከመሸፈኛው መስታወት ጠርዝ ውሃውን ቀስ ብለሽ ምጠጪ። አብዝተሽ ከመጠጥሽ ግን ይጨፈለቃል። ዳሩ የጠቆረ፣ ፍጹም ክብ የሆነ ነገር ካየሽ የአየር አረፋ ነው፤ ስም አትፈልጊለት።

አረንጓዴ ስታገኚ ጥያቄው ይለወጣል። የሚዋኝና ቀይ የዓይን ነጥብ ያለው ከሆነ ዩግሊና የሚባለውን ነጠላ ህዋስ ጠርጥሪ። ቀይ ነጥብ ያላቸው አረንጓዴ ዋቅላሚዎችም (አልጌዎችም) ስላሉ ግን በዚህ ብቻ አትወስኚ። በሕይወት እያለ በደንብ ካየሽው በኋላ አዮዲን ጠብ አድርጊ። አረንጓዴ ዋቅላሚ ስታርች ስለሚያከማች ውስጡ ወደ ጥቁር ሰማያዊ ይጠቁራል። ዩግሊና የሚያከማቸው ሌላ ነገር ስለሆነ እንደዚያ አይጠቁርም። አዮዲኑ ይገድላቸዋል፣ ቅደም ተከተሉን እንዳታዛቢ። ወርቃማ ቡናማ ሆኖ፣ ጠንካራ ሽፋን ኖሮት፣ ያለ እግር ቀስ ብሎ የሚንሸራተት ካገኘሽ ዳያተም የሚባለው ዋቅላሚ ነው። ሽፋኑ መስታወት ከሚሠራበት ከሲሊካ የተሠራ ነው።

"የዝርያውን ስም ንገሩኝ" ላልሽው፣ እዚያ ድረስ አትሂጂ። የብዙ ሮቲፈሮች ዝርያ የሚለየው የመንጋጋቸው ቅርጽ በጥልቀት ተመርምሮ ነው። በፎቶ ብቻ ሙሉ ስም የሚሰጥ ሰው ሲገጥመኝ እኔ እጠራጠራለሁ። ስልክ ላይ ያሉትን መለያ መተግበሪያዎችም እንደዚያው።

ከፎቶ ይልቅ ቪዲዮ ለጥፊ፣ እንቅስቃሴው ግማሹ መልስ ነው። የኦብጀክቲቩን ቁጥርና ውሃውን ከየት እንደቀዳሽው ጻፊልን፦ ከላይ ከጠራው ነው፣ ከታች ከዝቃጩ፣ ወይስ ከቅጠል ላይ ተጨምቆ? ለሚቀጥለው ከቅጠሉና ከዝቃጩ ውሰጂ፤ ከጠራው ውሃ ይልቅ ብዙ ታገኚያለሽ።