አኩሪ አተር የተገኘባት ቻይና ስለምን አኩሪ አተር ትገዛለች?

ጥያቄ፦ የተከበራችሁ አዘጋጆች፣ አኩሪ አተር መጀመሪያ የተዘራው ቻይና ውስጥ እንደሆነ አንብቤአለሁ። ታዲያ በዓለም ገበያ ከሚቀርበው አኩሪ አተር ከግማሽ በላይ የሚሆነውን የምትገዛው ለምንድን ነው? የፈለገችው ዘይት ከሆነስ፣ ዘይቱን ብቻ ብታስመጣ አይቀላትም?

መልስ፦ ውድ አንባቢያችን፣ ቻይና ይበልጥ የምትፈልገው ዘይቱን ሳይሆን ዘይቱ ከወጣ በኋላ የሚቀረውን ፋጉሎ ነው። ከአንድ ቶን አኩሪ አተር 200 ኪሎ ግራም ገደማ ዘይትና 800 ኪሎ ግራም ገደማ ፋጉሎ የሚገኝ ሲሆን፣ ከፋጉሎው ከ40 በመቶ በላይ የሚሆነው ፕሮቲን ነው።

ቀድሞ የቻይና ገበሬ ጥቂት አሳማዎቹን የሚያረባው በቤት ትራፊ፣ በስኳር ድንች ቅጠልና በፉርሽካ ነበር። የሕዝቡ ገቢ አድጎ የሥጋ ፍላጎቱ ሲጨምር ግን እርባታው ወደ ትላልቅ ድርጅቶች ተሸጋገረ፤ በእነዚህ ዘንድ እንስሳው ቶሎ እንዲደርስ በፋብሪካ የተቀነባበረ መኖ የግድ ነው። የዚህ መኖ ዋና ክፍል በቆሎ ነው፤ ነገር ግን በቆሎ ላይሲን የተባለው አሚኖ አሲድ (ፕሮቲን ከሚገነባባቸው ንጥረ ነገሮች አንዱ) ስለሚያንሰው፣ በላይሲን የበለጸገው የአኩሪ አተር ፋጉሎ ይጨመርበታል።

ይህን ሁሉ አገር ውስጥ ማምረት አይቻልም ወይ ቢባል፣ እንቅፋቱ መሬት ነው። በቻይና አንድ ሄክታር 2 ቶን ያህል አኩሪ አተር ሲሰጥ፣ ያው መሬት በበቆሎ ቢሸፈን ከዚያ በሦስት እጥፍ የሚበልጥ ምርት ይሰጣል። 100 ሚሊዮን ቶን አኩሪ አተር ለማምረት 50 ሚሊዮን ሄክታር ያስፈልጋል ማለት ነው፤ ይህም ከአገሪቱ የእርሻ መሬት ከሲሶ በላይ ነው። መንግሥት በሩዝና በስንዴ ራሱን ለመቻል ቆርጦ በመነሣቱ አኩሪ አተሩን ከውጭ መግዛትን መረጠ፤ በእኔ እምነትም ምርጫው ምክንያታዊ ነው። ዘይቱን ወይም ፋጉሎውን ትቶ ፍሬውን የሚያስገባው ደግሞ መጭመቂያ ፋብሪካዎቹ በወደቦቹ አካባቢ ስለተተከሉና በፍሬው ላይ የሚጣለው ቀረጥ ዝቅ ያለ ስለሆነ ነው። የአገር ውስጡ ምርት በአብዛኛው ለቶፉ (ከአኩሪ አተር ወተት ለሚሠራ አይብ መሰል ምግብ) እና ለመሳሰሉት ምግቦች ይውላል።

ምርጫው ግን ዋጋ ያስከፍላል፤ አቅርቦቱ በአብዛኛው ከብራዚልና ከአሜሪካ የሚመጣ ነውና። እ.ኤ.አ. በ2018 ከአሜሪካ ጋር በተነሣው የንግድ ውዝግብ ቻይና በአሜሪካ አኩሪ አተር ላይ 25 በመቶ ተጨማሪ ቀረጥ ጣለች፤ በዚያው ዓመት የአፍሪካ የአሳማ ወረርሽኝ ገብቶ መንጋውን ፈጀ። በ2017 ከ95 ሚሊዮን ቶን በላይ የነበረው ግዢ በ2018 ወደ 88 ሚሊዮን ቶን ወረደ፤ እርባታው ሲያገግም ግን በ2020 ከ100 ሚሊዮን ቶን አለፈ።

በ2023 የግብርና ሚኒስቴሩ በመኖ ውስጥ 14.5 በመቶ የነበረውን የፋጉሎ ድርሻ በ2025 ከ13 በመቶ በታች ለማድረስ አቀደ። በፋብሪካ የሚመረተው ላይሲን ከፋጉሎው የተወሰነውን ሊተካ ስለሚችል፣ መንገዱ ሰፊ መሬት ከመፈለግ ይልቅ የሚያዋጣ ይመስለኛል። ሆኖም የሚመረተው መኖ ጠቅላላ መጠን እየጨመረ ከሄደ፣ ድርሻው ዝቅ ቢልም የሚገዛው አኩሪ አተር በዚያው ልክ አይቀንስም።