ጠመንጃው ወይስ ጥይቱ? ስለ .22 ምርጫ የቀረቡ ጥያቄዎችና መልሶች

ጥያቄ፦ የመጀመሪያ ጠመንጃዬን ልገዛ ነው። በ50 ሜትር ዒላማ መምታትና በአደን ወቅት ጥንቸል ማደን እፈልጋለሁ። አንዱ .22 ሎንግ ራይፍል፣ ሌላው .22 ማግነም፣ ሦስተኛው .17 ኤች ኤም አር ይለኛል። የቱን ልያዝ?

መልስ፦ ሎንግ ራይፍሉን። (.22 እና .17 የሚሉት ቁጥሮች የአረሩ ግምታዊ ስፋት በኢንች ናቸው።) ሦስቱም ጥይቶች አቀጣጣይ ውህዳቸው በቀለሁ ጠርዝ ውስጥ ስለሆነ፣ አንዴ የተተኮሰ ቀለህ ተመልሶ አይሞላም፤ የጥይት ወጪ ጠመንጃው እስካለ ድረስ አብሮዎት ይኖራል። ከሦስቱ በጣም ርካሹ ሎንግ ራይፍል ነው። ዒላማ ላይ ጎበዝ የሚኮነው ደግሞ በብዛት በመተኮስ ነው።

ልዩነታቸው በፍጥነት ይገለጻል። ከ1887 ጀምሮ ያለው ሎንግ ራይፍል 2.6 ግራም የሚመዝን አረር በሰከንድ ከ325 እስከ 380 ሜትር ያስወነጭፋል። በ1959 የመጣው ማግነም ያንኑ ክብደት ወደ 570 ሜትር ያደርሰዋል። የ2002ቱ .17 ኤች ኤም አር አረሩ 1.1 ግራም ብቻ ሲሆን በሰከንድ ከ770 ሜትር በላይ ይበራል፤ መንገዱ ቀጥ ያለ ነው፣ ከ100 ሜትር አልፎም ያገለግላል። ግን ቀላል አረር በዚያ ፍጥነት ሥጋ ሲያገኝ ይበታተናል። ጥንቸሏን ለመብላት ካሰቡ ከጭንቅላቷ ውጪ የትም መምታት አይችሉም።

ሎንግ ራይፍል ለአደን እስከ 50 ወይም 60 ሜትር በቂ ነው፤ ጥሩ ተኳሽ 75 ይደርሳል። የራስዎን ወሰን እንዲህ ይወቁት፦ 3 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው ክብ ወረቀት ላይ ይሳሉ፤ ጠረጴዛ ሳይደገፉ፣ በአደን ላይ በሚቀመጡበት ወይም በሚንበረከኩበት አኳኋን አምስት ጊዜ ይተኩሱ። አምስቱም የሚገቡበት ርቀት የእርስዎ ወሰን ነው። አራቱ ከገቡ አልደረሱም።

አንድ ማሳሰቢያ፦ የሎንግ ራይፍል ጥይት በማግነም ጠመንጃ ውስጥ ይገባል፤ ነገር ግን የማግነም ማጉረሻ (በርሜሉ ኋላ ጥይቱ የሚቀመጥበት ክፍተት) ሰፋ ያለ ስለሆነ ቀለሁ ሊሰነጠቅና ትኩስ ጋዝ ወደ ፊትዎ ሊመለስ ይችላል። በፍጹም አይሞክሩት።

ጥያቄ፦ በእጅ የሚቀባበል ይሻላል ወይስ ራሱ የሚያቀባብል?

መልስ፦ በእጅ የሚቀባበለው። ራሱ የሚያቀባብለው ጠመንጃ መዝጊያውን ወደ ኋላ የሚገፋው በጥይቱ ኃይል ስለሆነ ቀዝቀዝ ያለ፣ ማለትም ፍጥነቱ ያነሰ፣ ጥይት ሲሰጡት ቀለሁን በግማሽ መንገድ ይነክሰዋል። ስለዚህ ፈጣን ጥይት ብቻ እንዲገዙ ያስገድድዎታል፤ ትክክለኛው ጥይት ግን ብዙውን ጊዜ ቀዝቀዝ ያለው ነው (ቀጣዩን መልስ ይመልከቱ)። ከ1964 ጀምሮ የሚመረተው ሩገር 10/22 በዚህ ዘርፍ የታወቀ ነው፤ መለዋወጫውም እንደ ልብ ይገኛል፤ ቆርቆሮ እየደረደሩ ለመጫወት የሚያህለው የለም። አንድ ተኩሶ አንድ ለሚመታ ሰው ግን ሲ ዜድ 457፣ ቲካ ቲ1ኤክስ ወይም አንሹትዝ 64 የመሰለ በእጅ የሚቀባበል ጠመንጃ ከማንኛውም የጥይት ዓይነት ጋር ይግባባል።

ጥያቄ፦ ካርቶኑ ላይ «እጅግ ፈጣን» የሚል ጥይት ገዛሁ። በ50 ሜትር ደህና ነበር፤ በ100 ሜትር ግን ምቶቹ የትም ተበታተኑ። በርሜሉ ተበላሽቶ ይሆን?

መልስ፦ በርሜሉ ጤነኛ ነው፤ ችግሩ ፍጥነቱ ነው። ድምፅ በ15 ዲግሪ ሙቀት በሰከንድ 340 ሜትር ያህል ይጓዛል። ፈጣኑ አረር ከአፈሙዙ ሲወጣ ከድምፅ ይቀድማል፤ 50 ሜትር አካባቢ ላይ ሲዳከም ያንን መስመር ወደ ታች ያቋርጣል። በዚያ ሽግግር የአየር ግፊቱ አረሩን ያናውጠዋል። ከመነሻው ከድምፅ በታች የሚሄደው መደበኛ ጥይት ይህ አይገጥመውም፤ የውድድር ጥይቶች ሁሉ ቀዝቃዛ የሆኑትም ለዚህ ነው። ብዙዎችን የሚያስገርመው ደግሞ የነፋሱ ነገር ነው፤ በ100 ሜትር ላይ የጎን ነፋስ ፈጣኑን አረር ከቀዝቃዛው አስበልጦ ይገፋዋል፤ ምክንያቱም በአየር ግጭት ብዙ ፍጥነት የሚያጣው እሱ ነው።

የትኛው ጥይት ለጠመንጃዎ እንደሚስማማ ሻጩም፣ እኛም፣ ፋብሪካውም ልንነግርዎ አንችልም። አንድ ዓይነት ሞዴል የሆኑ ሁለት ጠመንጃዎች እንኳ ምርጫቸው ይለያያል። አምስት ወይም ስድስት ዓይነት ባለ 50 ጥይት ካርቶን ይግዙ። ነፋስ በሌለበት ጠዋት፣ ከፊትና ከኋላ በአሸዋ ከረጢት ተደግፈው፣ በ50 ሜትር ይጀምሩ። ዓይነት በቀየሩ ቁጥር የመጀመሪያዎቹን 15 ጥይቶች አይቁጠሩ፤ የ.22 አረር በሰም ወይም በቅባት የተለበጠ ስለሆነ በርሜሉ የአዲሱን ጥይት ቅባት እስኪላበስ ድረስ ያስታል። ከዚያ አምስት አምስት እየተኮሱ አምስት ወረቀት ይሙሉ። በእያንዳንዱ ወረቀት ላይ በጣም የተራራቁትን ሁለት ቀዳዳዎች ከመሃል እስከ መሃል ይለኩና አማካዩን ይውሰዱ። ሰው ሁሉ ኪሱ ውስጥ ይዞ የሚዞረው የተሳካውን አንድ ወረቀት ነው፤ እሱ ምንም አይነግርም።

ለአደን ጠመንጃ አማካዩ 25 ሚሊ ሜትር ከሆነ ደህና ነው፤ 15 ከሆነ ይደሰቱ። ለማነጻጸር፣ በኦሊምፒክ የ50 ሜትር ውድድር የአስር ነጥብ ክብ ስፋቱ 10.4 ሚሊ ሜትር ነው። አሸናፊው ሲታወቅ ካርቶኑ ላይ የታተመውን የምርት ቁጥር ይመዝግቡና ከዚያው ቁጥር አቅምዎ የፈቀደውን ያህል ይግዙ፤ ቁጥሩ ሲቀየር ያው ስም ያለው ጥይት ሌላ ጠባይ ሊያመጣ ይችላል።

ጥያቄ፦ ከትልቅ ጠመንጃ ላይ ነቅዬ .22 ላይ ያሰርኩት መነጽር ጭንቅላቴን ባነቃነቅሁ ቁጥር መስቀሉ ከዒላማው ላይ ይንሸራተታል። ማሰሪያው ላልቶ ነው?

መልስ፦ ማሰሪያውን ይፈትሹት፣ ግን ሳይሆን አይቀርም ብለን የምንጠረጥረው ሌላ ነው። የትልቅ ጠመንጃ መነጽር አብዛኛውን ጊዜ በፋብሪካ የሚስተካከለው ለ90 ወይም ለ100 ሜትር ነው፤ በ50 ሜትር ሲያዩበት የዒላማው ምስልና መስቀሉ አንድ ገጽ ላይ አያርፉም። ለ.22 ተብለው የሚሠሩት ለ45 ሜትር ገደማ የተስተካከሉ ናቸው። ከፊት መስታወቱ ወይም ከጎኑ የርቀት ማስተካከያ ቀለበት ያለው ቢገዙ ይገላገላሉ። እስከዚያው ዓይንዎን በትክክል መሃል ላይ ካደረጉ ስህተቱ ይጠፋል። አዲስ ማሰሪያ ሲገዙም ጠመንጃው ላይ ማሰሪያው የሚነክሰውን ሐዲድ ያስተውሉ፤ ብዙ .22 ጠመንጃዎች ባለ 11 ሚሊ ሜትር ሐዲድ ስላላቸው ለትልቁ ጠመንጃ የሚሆነው ሰፊ ማሰሪያ አይገጥምም።

ጥያቄ፦ ረጅም በርሜል ያለው ይበልጥ ኃይል አለው?

መልስ፦ በ.22 ላይ የለውም። ጥቂቱ ባሩድ በ40 ሴንቲ ሜትር ውስጥ ተቃጥሎ ያልቃል። ረጅሙ የሚጠቅመው በብረት ማነጣጠሪያ ለሚተኩስ ሰው ነው፤ የፊትና የኋላ ማነጣጠሪያው በተራራቀ ቁጥር ስህተት ቶሎ ይታያል። መነጽር ካለዎት አጭሩን ይያዙ።

ጥያቄ፦ ያገለገለ .22 ቀርቦልኛል። ምን ምን ልይ?

መልስ፦ መጀመሪያ ካዝናውን አውጥተው፣ ማጉረሻው ባዶ መሆኑን በዓይንም በጣትም ያረጋግጡ። ከዚያ የማጉረሻውን አፍ ጠርዝ በብርሃን ይዩት። ጠመንጃውን ያለ ጥይት ደጋግሞ ቃታ የመሳብ ልማድ የነበረው ባለቤት ካለው፣ ጥይቱን የሚመታው መርፌ ጠርዙን መትቶ ትንሽ ጉድጓድ አበጅቶ ሊሆን ይችላል፤ ውስጥ ያበጠው ብረት ጥይት እንዲቸክልና ቀለህ እንዳይወጣ ያደርጋል። ቀጥሎ አፈሙዙ ጫፍ ላይ ያለውን ክብ ይመርምሩ። አረሩ ከበርሜሉ የሚለየው እዚያ ላይ ስለሆነ ጭረት ወይም ጥርስ ካለበት ሌላው ሁሉ ቢያምር እንኳ ጠመንጃው አይመታም፤ ሰበቡም ብዙ ጊዜ ከፊት በኩል የተገፋ የብረት መወልወያ ዘንግ ነው። በርሜሉን ከኋላ ወደ ብርሃን ይዩ፤ ውስጡ ላይ የጨለመ ቀለበት ካለ አረር ተቀርቅሮበት ሌላ የተተኮሰበት ነውና ይተዉት። የላይ ዝገት ግን ዋጋ ለማስቀነስ እንጂ ለመፍራት አይሆንም። በመጨረሻ ባዶውን አቀባብለው፣ ሴፍቲውን ዘግተው ቃታውን በኃይል ይሳቡ፤ ከዚያ ሴፍቲውን ይክፈቱ። ሲከፍቱ መርፌው በራሱ ከመታ አይግዙት።

ጥያቄ፦ ቃታውን ስስብ «ጠቅ» ብሎ ዝም ይላል። ምን ላድርግ?

መልስ፦ አፈሙዙን ወደ ዒላማው እንዳዞሩ ግማሽ ደቂቃ ይጠብቁ፤ ዘግይቶ ሊተኮስ ይችላል። ከዚያ ጥይቱን አውጥተው ጠርዙን ይዩ። ጉድጓዱ ጥልቅ ከሆነ በዚያ ጎን አቀጣጣዩ አልደረሰም ማለት ነው፤ በርካሽ ጥይት ላይ ያጋጥማል። ጉድጓዱ ፈዛዛ ከሆነ የመርፌውን ቤት ያጽዱ፤ የደረቀ ዘይትና ጥቀርሻ ምቱን ያለዝበዋል። በጣም የሚያሳስበው ግን «ጠቅ» ሳይሆን ደካማ «ፑፍ» የሚል ድምፅ ነው። ያኔ አረሩ በርሜል ውስጥ ቀርቶ ሊሆን ስለሚችል፣ አውርደው በርሜሉን ሳያዩ ሁለተኛ አይተኩሱ።

ጥያቄ፦ ኩሬ ላይ ያለ ዳክዬ በ.22 ቢመታ ችግር አለው?

መልስ፦ አለው። የእርሳስ አረር በዝቅተኛ ማዕዘን ውሃ ሲነካ ይነጥራል፤ ድንጋይና ደረቅ መሬት ላይም እንዲሁ። ያልተገታ .22 ከ1.5 ኪሎ ሜትር ያላነሰ ሊጓዝ ይችላል። ከእንስሳው ጀርባ አፈር ያለው ቁልቁለት ከሌለ ቃታው አይሳብም።

ጥያቄ፦ የ12 ዓመት ልጄን አጠገቤ ሆኜ ላስተምረው ነው። የእኔ ጠመንጃ ይሆነዋል?

መልስ፦ ባዶውን ጠመንጃ ሰደፉን በክርኑ መታጠፊያ ላይ አድርገው ይለኩት፤ የጠቋሚ ጣቱ የመጀመሪያ ክፍል ያለ ጭንቀት ቃታው ላይ ካረፈ ልኩ ነው። ከቃታው እስከ ሰደፉ ጫፍ የአዋቂ ጠመንጃ 34 ወይም 35 ሴንቲ ሜትር ሲሆን ለልጅ ከ30 እስከ 32 ይበቃል። የረዘመ ሰደፍ ልጁን ወደ ኋላ እንዲለጠጥ ያደርገዋል፤ ክብደቱም ግራ እጁ ላይ ይወድቃል። ሰደፉን ከመቁረጥ ይልቅ ንጣፍ እየተጨመረ የሚረዝም ሰደፍ ያለው ጠመንጃ ይፈልጉ፤ በየዓመቱ አንድ ንጣፍ እየጨመሩ ያሳድጉታል። መነጽሩንም ሰደፉ ባጠረ ቁጥር ወደ ፊት መግፋትዎን አይርሱ፤ ከዓይኑ 8 ወይም 9 ሴንቲ ሜትር ይራቅ።