መልስ፦ ሞዴሌ ላይ የነፋሁት ማት ቫርኒሽ (የማያብለጨልጭ መከላከያ ሽፋን) ለምን ነጭ ሆነብኝ?
አይዞህ ወንድሜ፣ የስፒትፋየር አውሮፕላን ሞዴልህ አልተበላሸም። ማት ስፕሬዩ እንደ ጉም ነጭ የሆነብህ ወይ ጣሳውን በደንብ ሳትንጠው ቀርተህ ነው፣ የሚያደበዝዘው ዱቄት ታች ይዘቅጣላ፣ ወይ ደግሞ በእርጥብ አየር ነፍተኸው ነው፣ እኔም ዝናብ እየጣለ አንድ የታንክ ሞዴል እንደዚሁ አድርጌ ላለቅስ ምንም አልቀረኝም ነበር። አሁን ሳትነካካው 24 ሰዓት ይድረቅ፣ ከዛ ግሎስ (የሚያብረቀርቅ) ቫርኒሽ ስስ አድርገህ ደርብበት ብዙ ጊዜ ነጩ ይጠፋል፣ ከዛ በደረቅ ቀን ማቱን ከ20 እስከ 30 ሳንቲሜትር ርቀህ ስስ ስስ እያደረግክ ድገመው፣ በአንዴ አታጥለቅልቀው። ዲካል (ሞዴሉ ላይ የሚለጠፈውን ምልክት) ደግሞ ማት ላይ አትለጥፍ፣ ከስሩ አየር ይይዝና እንደ ብር ያብለጨልጫል፣ ግሎስ ቀድሞ ዲካል ከዛ ማት ነው። የኮክፒቱን መስታወት በቴፕ ሸፍነው እሺ፣ እሱ ከደበዘዘ ጣጣው ብዙ ነው